ጥቆማ፦ የሥነ ጥበብ ታሪክ የት ይጠና? ሥራስ አለው?

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለሚሥል ሰው ነው፤ ጊዜው በአብዛኛው የሚያልፈው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። መመራመር ለሚፈልግ ታሪክ ወይም አርኪኦሎጂ ይዞ፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንደ ሁለተኛ ክፍል ቢጠቀምበት ይሻላል። የሥዕለ አድኅኖ፣ ማለትም የቅዱሳን ሥዕሎች ስብስቡ ዐይን ያስተምራል። ከአንድ ምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል) ፊት ቁሙ። የእመቤታችን እጆች ተደራርበው፣ የቀኝ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተው፣ በግራዋ መሐረብ ከያዘች፣ መነሻው ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ያመጡት የሮሟ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ቅጂ ነው፤ ስለዚህ ዘመኑ ከ1600 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ ነው። ፊቱ ጥላ የሌለው ደማቅ ከሆነ ወደ መጀመሪያው የጎንደር አሣሣል፣ ጉንጩ ጠቆር ብሎ ልብሱ በአበባ ካጌጠ ወደ ሁለተኛው፣ ማለትም ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ያደላል። ግን ተደርቦ የተቀባ ሥዕል ያሳስታል፤ ቀለሙ የረገፈበትን ጠርዝና ጀርባውን ሳታዩ ዘመን አትቁረጡ።

መልስ፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ግዕዝ ሳይዙ መጀመር ትልቁ ስሕተት ነው። የብራና መጽሐፍ የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተፍቆ የሌላ ስም ይጻፍበታል። ያንን ተከትሎ ዘመን የሰጠ ተማሪ መቶ ዓመት ሊስት ይችላል።

ከቤት ሆነው ለሚሠሩ፣ የሚኒሶታው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በነፃ ተመዝግበው የሚያነቡበት ክፍል በኢንተርኔት አለው፤ የጥንቱ የኢትዮጵያ ማይክሮፊልም ግን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ለጽሑፉ እንጂ ለቀለም አይሆንም። ለቀለምና ለግድግዳ ሥዕል መዝገበ ሥዕላት የተባለው የቶሮንቶ የኢንተርኔት ፎቶ ስብስብ ይበልጣል። ቤተ መጻሕፍት የተባለው የሐምቡርግ የኢንተርኔት ካታሎግ ደግሞ ብራናው የት እንዳለና ምን እንደያዘ ለማወቅ ነው። ሦስቱን አጣምሮ መጠቀም እንጂ አንዱን መምረጥ አያዋጣም።

መልስ፦ ስለ ሥራ፦ ሙዚየም፣ የቅርስ ባለሥልጣን፣ የቅርስ ምዝገባ፣ የአስጎብኚነት ሥራ፣ ማስተማር። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለተከለከለ፣ ኦሪጅናሉን ከቅጂ የሚለይ ዐይን ያስፈልጋል። በዲግሪው ብቻ ሥራ ይገኛል ማለት ግን አይቻልም፤ ፎቶ ማንሣትና ካታሎግ መጻፍ አብሮ መያዝ አለበት። ለምዝገባ ፎቶ ብልጭታ አትጠቀሙ፤ መብራቱን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አድርጉ፣ መለኪያና የቀለም ካርድ ከሥዕሉ ጎን አኑሩ፣ ጀርባውንም አንሡ። ከዚያ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ፈቃድ የግድ ነው።

ውጭ ለማስተርስ የምታመለክቱ ከሆነ «የኢትዮጵያ ሥዕል» የሚል ሰፊ ርእስ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ለምሳሌ ጣና ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴ፣ ውሰዱና እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችበትን ሥዕል ብቻ የምርምር ጥያቄያችሁ አድርጉ።