ከእናቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከወንድሜ ጋር 4 ቀን ሮም፦ ማንን የት ልውሰድ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ፍራንክፈርት

ሰላም ወገኖች። በጥቅምት አጋማሽ ሮም ልንሄድ ነው። ሐሙስ ጠዋት ገብተን እሑድ ማታ እንመለሳለን። አምስት ነን። እማዬ ከጎንደር መጥታ እኔ ጋ ናት፣ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አይሆንላትም። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ልጆቼ የ11 ዓመት ሴትና የ7 ዓመት ወንድ ናቸው። ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፣ የጀርመን ፓስፖርት አለው። ሩጫና ታሪክ ነፍሱ ነው።

እማዬ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትፈልጋለች። ልጆቹ ኮሎሲየም ኮሎሲየም ይላሉ። ወንድሜ ሁሉንም ካላየሁ ባይ ነው። አምና ሌላ ከተማ ሄደን ሁሉንም አንድ ላይ ስጎትት ዋልኩ። ማታ የእማዬ እግር አብጦ አየሁ። እሷ ግን "ምንም አልሆንኩም" ትላለች። ያ ነገር እንዳይደገም ነው የምጠይቃችሁ። አስቀድሜ መግዛት ያለብኝስ ምንድን ነው?

መልስ፦ የተርሚኒ ሰፈር ሰው

እህቴ፣ ሮም ከገባሁ 20 ዓመት አልፎኛል። ዘመድ በመጣ ቁጥር የማስጎበኘው እኔ ነኝ። የምነግርሽ አንድ ነገር ነው፤ አምስታችሁ ሙሉ ቀን አንድ ላይ አትሂዱ። ጠዋት አንድ ቦታ አብራችሁ እዩ። ከምሳ በኋላ ተለያዩ። ማታ እራት ላይ ተገናኙ። የሮም መንገድ በትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ወጣ ገባ ይበዛበታል። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከደረጃው ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው። ለእናታችን ወፈር ያለ ሶል ያለው ጫማ ግዢላቸው።

እሳቸውን መጀመሪያ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ውሰጃቸው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ ገደማ ነው፣ መግቢያ አይከፈልም። ከመሠዊያው በታች ጌታ የተኛበት ግርግም እንጨት ነው ተብሎ የሚታመን ቅርስ አለ። በስተግራ ባለው ትልቅ ጸሎት ቤት ደግሞ ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለ። እጆቿን አነባብራ ልጇን የታቀፈችበት ነው። የዚህ ሥዕል ቅጂ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከኢየሱሳውያን፣ ማለትም ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ኢትዮጵያ ገብቷል። የኛ ሠዓሊዎችም ተቀብለው በራሳቸው መንገድ ሣሉት። ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንለው ሥዕል መልኩን ያገኘው ከዚህ ነው። የጎንደር ሰው ናቸውና ሲያዩት ያውቁታል። እኔ እናቴን ባመጣኋት ጊዜ ከዚያ ወንበር ማን ያንሳት! አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። አንቺም ጊዜ ስጫቸው፣ አታጣድፊያቸው።

የቫቲካን ሙዚየም ትኬት አሁኑኑ ግዢ። እዚያ ውስጥ ያለውን፣ ማይክል አንጄሎ ጣሪያውን የሣለውን ሲስቲን ጸሎት ቤት ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል።

መልስ፦ የሁለት ወንዶች አባት፣ ሚላኖ

ከላይ ካለው ወንድሜ ጋር በቫቲካን ሙዚየም ጉዳይ አልስማማም። ከበሩ እስከ ሲስቲን ጸሎት ቤት ድረስ ረጅም መንገድ ነው፣ ሰው እንደ ጎርፍ ነው የሚገፋሽ። የ7 ዓመት ልጅና ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዘሽ አትግቢ። ወንድምሽ ብቻውን ይሂድ። እናንተ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን እዩ። መግቢያው ነጻ ነው፣ ሰልፉ የፍተሻ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፣ በዚያ ሰዓት ሰልፍ የለም ማለት ይቻላል። እንደገባችሁ በስተቀኝ የማይክል አንጄሎ ሐውልት አለ፣ እመቤታችን ከመስቀል የወረደ ልጇን ታቅፋ። ልጆቼ እንኳን እዚያ ጋ ዝም አሉ። ጉልላቱ ላይ መውጣት ለእናትሽ አይሆንም፣ በሊፍት ተጀምሮም 320 ደረጃ ይቀራል።

ኮሎሲየምን በተመለከተ ከኔ ስህተት ተማሪ። በር ላይ ከሚዞር ሻጭ "ሰልፍ የሌለው" የተባለ ትኬት ገዛሁ። እጥፍ ከፈልኩ፣ ከዚያም ሁለት ሰዓት ቆምኩ። አንቺ በቀጥታ ከኮሎሲየሙ ይፋዊ ድረ ገጽ ግዢ። ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፣ ስለዚህ የሁሉንም ፓስፖርት ያዢ። ከ18 ዓመት በታች ነጻ ነው፣ ግን ለልጆቹም ትኬት መያዝ አለበት። ወንድምሽ የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ስላለው እስከ 25 ዓመቱ 2 ዩሮ ነው የሚከፍለው። ያው ትኬት ፎረሙን፣ ማለትም የጥንታዊት ሮም አደባባይ ፍርስራሽን፣ እና አጠገቡ ያለውን የፓላቲን ኮረብታንም ያስገባል። ፎረሙ ግን ጥላ የለውም፣ ድንጋዩም ያደናቅፋል። ልጆቹን ኮሎሲየም ብቻ አሳይተሽ ውጪ፣ ወንድምሽ ፎረሙ ውስጥ ይቅር። ኮሎሲየም ውስጥ ለሚቸገር ሰው ሊፍት አለ፣ ሠራተኞቹን ጠይቂ።

ለልጆቹ ከሰዓት በኋላ ቪላ ቦርጌዘ የሚባለው ፓርክ ነው። በፔዳል የሚነዳ ባለ አራት ሰው ጋሪ ይከራያል፣ ትንሿ ሐይቅ ላይ ጀልባ አለ። እናትሽም ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ አረፍ ይላሉ። ባዶ ጠርሙስ ያዙ። በየመንገዱ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያወርዱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ የሚጠጣ ነው። የታችኛውን ቀዳዳ በጣት ሲደፍኑት ውኃው ወደ ላይ ይፈናጠራል። የኔዎቹ ከኮሎሲየም ይልቅ እሱን ነው የሚያወሩት።

መልስ፦ ሯጭ ነኝ፣ ዋሽንግተን

ለወንድምሽ ነው የምጽፈው። ሮም ሄዶ የአበበ ቢቂላን መንገድ ሳይሮጥ እንዳይመለስ! የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ማታ ነው፣ የኛ ዘመን መለወጫ ዋዜማ። መነሻው ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር፣ መድረሻው ኮሎሲየም አጠገብ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነበር። አበበ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ያኔ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

አሁን ልብ በል ወንድሜ። ወደ መጨረሻው ላይ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ፣ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ፌርማታ አጠገብ። ጣሊያን የወሰደው የአክሱም ሐውልት ያኔ እዚያ ቆሞ ነበር። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን መጥቶ፣ ሐውልቱ አካባቢ ሲደርስ ነው ፈትለክ ብሎ የወጣው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 አገሩ ገብቷል፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተክሏል። ቦታው ግን አለ። ጎህ ሲቀድ ከካምፒዶሊዮ ተነስተህ በቺርኮ ማሲሞ አድርገህ ፖርታ ካፔና ድረስ፣ ከዚያ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ቀጥ ብለህ እስከ ቅስቱ ሩጥ። ከ3 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እኔ ቅስቱ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም።

ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ትልቅ አደባባይ ደግሞ ስሙ "የአምስት መቶዎቹ" ነው። ዶጋሊ ላይ በ1879 ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከአደባባዩ ጥቂት እልፍ ብሎ ነው፣ ከላዩ የግብፅ ሐውልት ተተክሎበታል። ልጆቹንም አሳያቸው።

መልስ፦ የግእዝ ተማሪ

ስለ ቫቲካን አንድ ልጨምር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያ መነኮሳት ተሰጥቶ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቻቸው ጋር የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያ ሲኖሩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549። ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም። ወንድምሽ የቫቲካንን የአትክልት ስፍራ ጉብኝት ቀድሞ ከያዘ ግቢውን ያየዋል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር! ሁለት ነገር ቀረኝ። ዓርብ እማዬ ምን ትብላ? ቅዱሱ ደረጃ የሚባለውንስ ሰምታለች፣ እንዴት ላድርጋት?

መልስ፦ ጾመኛ በቦሎኛ

ጣሊያን ለጾመኛ አይከፋም፣ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፒዛ ማሪናራ በይ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ፓስታ ሲሆን ደረቁን ምረጪ፣ ስፓጌቲ በቲማቲም። ትኩስ የሚባለው ፓስታ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ሽምብራ በፓስታም አለ፣ ግን ሮም ውስጥ ዓሣ ጣል የሚያደርጉበት አሉ፣ "አቹጌ አለው?" ብለሽ ጠይቂ። ዳቦ ቤቶቹ ላይ "ፎርኖ" ተጽፎ ስታዪ ግቢ፣ በዘይት ብቻ የተጋገረ ትኩስ ቂጣ ታገኛላችሁ። እናትሽ ፉርኖ ዱቄትን ያውቃሉ፣ ቃሉ ከዚያው ነው። እንጀራ ካማራቸው ተርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ዓርብ በያይነቱ አይጠፋም።

ማኪያቶ ሲያዙ ግን ንገሪያቸው። የዚያ አገሩ በትንሽ ሲኒ፣ ጠብታ ወተት ያረፈበት ቡና ነው። ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ከመቀመጥ ይረክሳል።

መልስ፦ የተርሚኒ ሰፈር ሰው

ቅዱሱ ደረጃ 28 ነው፣ የሚወጣውም በጉልበት ተንበርክኮ ብቻ ነው። ጌታ ጲላጦስ ፊት ሲቀርብ የወጣበት ነው፣ ንግሥት እሌኒ ከኢየሩሳሌም አመጣችው ይባላል። ለእናታችን አይሆንም፣ እንዳትፈቅጂላቸው። ጎኑ ላይ በእግር የሚወጣበት ሌላ ደረጃ አለ። እሱም ከከበዳቸው ከሥር ቆመው ይሳለሙ። መንገዱን ተሻግሮ ያለው የላተራን ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ነው፣ እዚያ ያርፋሉ።

ስለ ሙዚየሙ የሚላኖው ወንድሜ እውነት አለው፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ወንድምሽ ብቻውን ይሂድ።

ጠያቂዋ

እንግዲህ እንዲህ አሰብኩ። ሐሙስ ዕረፍትና ማታ ፓንቴዮን የሚባለው የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ አካባቢ። ዓርብ ጠዋት ኮሎሲየም ሁላችንም፣ ከሰዓት ፓርኩ፣ ወንድሜ ፎረሙ ይቆያል። ቅዳሜ እማዬና እኔ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ፣ ልጆቹ ከአጎታቸው ጋር ፖርታ ካፔና። ወንድሜ ከሰዓት ሙዚየሙ ይገባል። እሑድ በጠዋት ቅዱስ ጴጥሮስ።

መልስ፦ የተርሚኒ ሰፈር ሰው

በጣም ጥሩ ነው። ሙዚየሙን ቅዳሜ ማድረግሽም ልክ ነው፣ እሑድ ዝግ ነው፣ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ካልሆነ በቀር። ፓንቴዮንን ግን ከመሸ ከውጭ ነው የምታዩት፣ ውስጡን ከፈለጋችሁ ሐሙስ ከሰዓት ድረሱ። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ የእናታችን ነጠላ ይበቃል፣ ለልጅሽም አንድ ያዢ። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ኪስ አውላቂ አለ፣ ቦርሳ ወደ ፊት። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ነጩ ታክሲ ወደ መሃል ከተማ ቁርጥ ዋጋ አለው። አምስት ስለሆናችሁ ሰፊውን ጠይቂ፣ ሳትነሱም ዋጋውን አረጋግጪ።

ቅዳሜ እናታችን ሥዕሏን ሲያዩ ምን እንዳሉ መጥተሽ ጻፊልን።