ላፕቶፔ ስሊፕ ላይ ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ይግላል

የጀሞ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 11 ነው የምጠቀመው። ጠዋት ክዳኑን ገጥሜ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ። የታክሲ ሰልፉን ጨምሮ መገናኛ እስክደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል፣ ከዚያ ሳወጣው እንደ ምጣድ ግሎ ነው የማገኘው። ዛሬ 90 ፐርሰንት ላይ የዘጋሁት ባትሪ 61 ገብቷል። ቢሮ መብራት ሲጠፋ መጠጊያዬ እሱ ነው። ተኝቶ እንዴት ይጨርሳል?

ጥገና ቤት፦ እንቅልፉ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው፣ ኤስ 3 የሚባለው፣ ራሙን (የተከፈተው ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበትን) ብቻ በትንሽ ኃይል አቆይቶ ፕሮሰሰሩን ያጠፋዋል። በአዳዲሶቹ ላይ ያለው ሞደርን ስታንድባይ ግን ኤስ 0 ነው፣ ስክሪኑ ጠፍቶ እንደ ስልክ ያንቀላፋል እንጂ አይጠፋም። ማሽኑ ውስጥ ያለ ወይም የተሰካበት እያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ የራሱ ደረጃ አለው። ሲሠራ ዲ 0፣ ሲጠፋ ዲ 3። አንዱ ዲ 0 ላይ ከቀረ ማሽኑ ጥልቅ እንቅልፍ ላይገባ ይችላል። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) በአድሚን ከፍተህ powercfg /sleepstudy ብለህ ጻፍ፣ የ3 ቀን ሪፖርት ያወጣልሃል።

የጀሞ ልጅ፦ አወጣሁት። የዛሬ ጠዋቱ ቀይ ነው፣ ብዙ ባትሪ በልቷል ማለት ነው። ውስጡ የዩኤስቢ ኮንትሮለሩ (የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን የሚቆጣጠረው ክፍል) 97 ፐርሰንት አክቲቭ ነበር ይላል።

ኮደሯ፦ ምን ሰክተህበታል?

የጀሞ ልጅ፦ የኢንተርኔት ዶንግል። ነቅዬው አላውቅም። አሁን ክዳኑን ዘግቼ አየሁት፣ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ማለቷን አላቆመችም!

ኮደሯ፦ በቃ አገኘኸው። ዶንግሉ አላርፍ ካለ የተሰካበት ኮንትሮለርም አብሮ ይነቃል። ከመዝጋትህ በፊት ንቀለው። መንቀሉን የምትረሳ ከሆነ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተህ ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ አስተካክለው። ራሙ ላይ ያለውን ዲስክ ላይ ጽፎ ይጠፋል። ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ቦርሳ ውስጥ አይግልም። እባክህ ዝም ብለህ አትተወው፣ ሙቀት ሊቲየም ባትሪን ቶሎ ያስረጃል።

ጥገና ቤት፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሬጂስትሪ (ዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያዎቹን የሚያስቀምጥበትን) ነካክተህ ኤስ 3ን በግድ ላምጣ እንዳትል። ብዙ አዳዲስ ማሽኖች ጨርሶ የላቸውም። እንዲህ ተደርገው ተኝተው አልነሳ ያሉ ሁለት ላፕቶፖች መጥተውልኛል።

የጀሞ ልጅ፦ ከትናንቱ ምክራችሁ በኋላ ዛሬ ዶንግሉን ነቅዬ ሄድኩ። 88 ላይ ዘጋሁት፣ መገናኛ 87። ታቹን ስነካው ቀዝቃዛ ነው። እግዜር ይስጣችሁ!