ጥቆማ፦ የ11 ዓመት የስፖርት መኪና ዝገት፤ ወኪሉ፣ አምራቹ ወይስ ገለልተኛ መርማሪ?

ባለሁለት_በር፦ መኪናዬ ጣሪያው የሚታጠፍ ነው። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ቀለሙ አብጧል። የዋስትና ደብተሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚበሳ ዝገት 12 ዓመት ይላል። በማን በኩል ብጠይቅ ይሻላል?

ማይክሮን፦ በማንም ብትሄድ መጀመሪያ ዝገቱ ከውስጥ መጀመሩን አሳይ። ጠጠር መትቶት ከላይ የጀመረ አይሸፈንም። የላሜራውን የላስቲክ መድፈኛ አውጥተህ በቀጭን ገመድ ካሜራ ውስጡን ቅረጽ። የቀለሙንም ውፍረት ለካ፤ የፋብሪካ ቀለም ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ነው። መለኪያው ከ1000 በላይ ካሳየህ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) አለው፤ «የተጋጨ ነው» ብለው ይመልሱሃል።

ዝም_አልልም፦ ወኪል ጋ እንዳትሄድ! የእኔን «ልየው» ብለው በሞላ ፋቁት። ከየት እንደጀመረ የሚያሳይ ነገር ሳይቀር አምራቹ «ማስረጃ የለም» አለ።

ጎማ_ነፊ፦ የቱ ወኪል ነው?

ዝም_አልልም፦ ስም አልጠራም።

ጎማ_ነፊ፦ ስምህን ቀይረው እንግዲህ።

ማይክሮን፦ መኪናውን ስታስረክብ የሥራ ትእዛዙ ላይ «ለምርመራ ብቻ፤ መፋቅና መብሳት አይፈቀድም» ብለህ አስጽፍና ቅጂውን ያዝ። ወኪሉን መዝለል ግን አይቻልም፤ አምራቹ ራሱ መልሶ ወደዚያው ነው የሚልክህ።

ዚንክ፦ ፖርሽ 911 ከ1976 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦዲው ዝገት ለመከላከል በዚንክ ከተለበጠ ላሜራ የተሠራ ነው። እሱን የገዛ ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የለበትም።

ጎማ_ነፊ፦ ሰውየው ካሳ ጠየቀ እንጂ መኪና አማርጡኝ አላለም።

ዚንክ፦ እውነቱን ነው የተናገርኩት።

ማህተም፦ ዚንክም ቢሆን የተበየደበትና የተላጠበት ቦታ ይዝጋል፣ ይቅር። ጠያቂው፣ ዋናው ነገር ደብተሩ ላይ ያለው የዓመታዊ የቦዲ ምርመራ ማህተም ነው። ከተሟላ የላሜራውንም የእጁንም ዋጋ ሙሉ ጠይቅ። አንድ ዓመት እንኳ ከጎደለ «መብቴ ነው» ብለህ አትከራከር፤ በበጎ ፈቃድ እንዲጋሩህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ እነሱ ዕቃውን፣ አንተ እጁን ትከፍላለህ። ደብዳቤው ላይ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎሜትር፣ ቀን ያለው ፎቶና የምትፈልገው ነገር በአንድ ገጽ ይግባ። እምቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡህ። 12 ዓመቱ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው መኪናው ለመጀመሪያው ባለቤት ከተሰጠበት ወይም ከተመዘገበበት ቀን ስለሆነ ደብተሩን እይ፤ 12 ዓመቱ ሳይሞላ ላክ። ገለልተኛ መርማሪው ይቆይ፤ እምቢታው በእጅህ ሲገባ ነው ገንዘቡ የሚያዋጣው።

ሰም_ወዳጅ፦ ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን? ከሥር ወፍራም ሬንጅ ቀብቶ መገላገል ነው።

ማይክሮን፦ ሬንጁ በላሜራው ውስጥ ያለውን ውሃ ዘግቶ ያስቀረዋል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ደግሞ ካሳ እየጠየቀ ማስረጃውን ይሸፍን? ከተበየደ በኋላ ግን ብየዳው የውስጡን ሽፋን ስለሚያቃጥለው ፈሳሽ ሰም በረጅም አፍንጫ ወደ ውስጥ መርጨት ግድ ነው።

ሰም_ወዳጅ፦ እኔ ሬንጄን አልለቅም።

ባለሁለት_በር፦ ማህተሙ የሁለት ዓመት ይጎድላል። ውሃው ግን ከየት ነው የሚገባው?

ማህተም፦ ጣሪያቸው በሚታጠፍ መኪኖች ብዙዎቹ ላይ የዝናቡ ውሃ ከመቀመጫው ጀርባ በቱቦ ይወርዳል። ቱቦው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውሃው ሞልቶ ወደ በሩ ሥር ላሜራ ይገባል። በሽቦ አትጎርጉረው፣ ይበሳል፤ ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ይበቃል።

ዝም_አልልም፦ ወኪሉ ይህንንም «የባለቤቱ ጥንቃቄ ጉድለት» ይለዋል፣ ታያላችሁ።

ዚንክ፦ 911 ላይ ይህ ቱቦ የለም።

ጎማ_ነፊ፦ የሚታጠፍ ጣሪያ ያለው 911 እንዳለ ማን ይንገረው?