ጥቆማ፦ የድሬ ግቢ ቅጠል ምን ይገዛለት? ለማንስ ይሰጥ?

የካቲት ገብቶ የኒም ዛፉ መርገፍ ሲጀምር የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። «ቅጠል የሚጠርግና የሚወስድ ሰው ጠቁሙኝ። ምን ዓይነት መጥረጊያስ ይሻላል?» ዘንድሮ ከድሬዳዋ ሰፈሮች ከሳቢያንም፣ ከከዚራም፣ ከገንደ ቆሬም ተጠይቋል። መልሱ እየተበታተነ ስለሆነ እኔ የማውቀውንና ጎረቤቶቼ የሞከሩትን አንድ ላይ ላስቀምጠው።

በቅድሚያ አቋሜን ልናገር። ድሬ ላይ ቅጠል ከግቢ ለማስወጣት የሚከፈል ብር የባከነ ብር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ፀሐይዋን መቼም አልነግራችሁም። ዝናቡ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም በበልግና በክረምት ተከፋፍሎ ይመጣል። ውሃ በፈረቃ በሚያገኝ ሰፈር ደግሞ እያንዳንዱ ጀሪካን ይቆጠራል። ጠዋት ያጠጣነው ባዶ መሬት ከሰዓት ደርቆ ይሰነጠቃል። በቅጠል የተሸፈነው ግን በማግስቱ ገለጥ ስታደርጉት እርጥብ ነው። ይህንን ሽፋን ከፍለን አስወጥተን፣ ከወር በኋላ ፍግ ከፍለን እናስገባለን። ብሩ ለጥሩ መሣሪያ፣ ለአንድ በርሜልና እኛ የማንደርስበትን የጣሪያ አሸንዳ ለማስጠረግ ይዋል ባይ ነኝ።

ከመሣሪያው ልጀምር። ምርጫውን የሚወስነው ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ዛፍ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ፣ ያ በሙቀቱ ወራት ቀይ አበባ የሚለብሰው፣ ቅጠሉ ደቃቅ ነው። ሲረግፍ እንደ ጤፍ ገለባ ይበተናል። ለእሱ ሬክ (ባለ ጥርሱን የቅጠል መሰብሰቢያ) አትግዙ፤ በጥርሱ መሃል ሾልኮ ይቀራል። የዘንባባ መጥረጊያ ይበልጠዋል። ስትገዙ ጫፉን አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። የቆየ ከሆነ እዚያው ይሰበራል፣ ትኩሱ ግን ይለመጣል። ከመጥረጋችሁ በፊት መሬቱ ላይ ውሃ አርከፍከፍ አድርጉ፣ አቧራው ይተኛል።

ማንጎ፣ ዘይቱንና ኒም ላላቸው ግን ሬክ ያስፈልጋል። ከሱቅ የሚገዛው ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ወገብ አያደክምም። ችግሩ የድሬን ፀሐይ አለመቻሉ ነው። ውጭ ከዋለ ጥርሱ ይደርቅና አንድ በአንድ ይሰበራል፤ ከገዛችሁት ጥላ ውስጥ ስቀሉት። እኔ የምመክረው ብየዳ ቤት ማሠራት ነው። ባለ 6 ሚሊ ፌሮ ይበቃል፤ ከዚያ ከወፈረ ይከብዳል። በጥርስና በጥርስ መሃል ሁለት ጣት ይግባ። ጫፋቸው ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሹልነቱ በግራይንደር ይጥፋ። ሹል የሆነ ሬክ ቅጠሉን ትቶ አፈሩን ነው የሚቧጥጠው፣ ላይ ላይ ያለውን የማንጎ ሥርም ያቆስላል። እጀታው መሬት ላይ ቆሞ እስከ አገጫችሁ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ አጭር ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትውሉት።

ቅጠል የሚነፋውን ማሽን የጠየቃችሁም ነበራችሁ። ለድሬ አልመክርም። አፈራችን አሸዋና አቧራ ነው። ቅጠሉ ሳይነሣ አቧራው የጎረቤት ልብስ ላይ ያርፋል። ሙሉ በሙሉ ንጣፍ የሆነ ሰፊ ግቢ ከሌላችሁ ብራችሁን ያዙ። ለመሸከም ደግሞ አሮጌ ሸራ ዘርግታችሁ ላዩ ላይ ጥረጉና ጫፎቹን ይዛችሁ ጎትቱ፤ ሌላ ምንም መግዛት አያስፈልግም።

የተሰበሰበው ምን ይሁን ነው ዋናው። ቀላሉ መንገድ ጉዝጓዝ ነው። በዛፉና በአትክልቱ ዙሪያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ አልብሱት። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር አርቁት፤ ከነካው እርጥበቱ ልጡን ያበሰብሰዋል። የማንጎ ቅጠል ወፍራም ስለሆነ እንዳለ ከተነጠፈ ተደራርቦ ውሃ አያሳልፍም። ሸራ ላይ በደንብ ሲደርቅ ልጆች ይረጋግጡት፣ ደስ እያላቸው ያደቅቁላችኋል። የኒም ቅጠል ለጉዝጓዝ ግሩም ነው፤ መራራነቱን ብዙ ተባይ አይወደውም። የባሕር ዛፍ ቅጠልን ግን አትክልት ላይ አታልብሱ። በውስጡ ያለው ዘይት የሌላውን ዘር ብቅለት ያፍናል።

ሁለተኛው መንገድ ብስባሽ ነው፤ ብዙ የተጠየቅሁትም ስለ መያዣው ነው። የ200 ሊትር በርሜል ለጠባብ ግቢ ጥሩ ነው። ስትገዙ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ጠይቁ። የምግብ ዘይት ከሆነ ይሁን፤ ኬሚካል ወይም የሞተር ዘይት ከነበረበት ይለፋችሁ። ታቹንና ጎኑን አስበሱት፣ አየር ይግባ። የብረቱን በርሜል ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፣ ውስጡ በአንድ ቀን ይደርቃል። ቦታ ካላችሁ ግን እኔ ጉድጓድን አስቀድማለሁ። በበጋ አንድ ሜትር ያህል የተቆፈረ ጉድጓድ እርጥበት ይይዛል፤ ወጪው የአንድ ቆፋሪ ጉልበት ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ስለሚሞላው ክምሩን ወደ ላይ አውጡት። በብሎኬት አስገንቡ የሚሉም አሉ፤ ለመኖሪያ ቤት ግቢ አያዋጣም።

ደረቅ ቅጠል ብቻውን ከተከመረ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ናይትሮጅን የሚሰጠው ነገር ይፈልጋል። ለሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል አንድ ባልዲ የፍየል ፍግ አድርጉ። የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ስለሆነ ከዚያ ይነስ። እኛ ደግሞ ሌላው ከተማ እንዲህ በብዛት የማያገኘው ነገር አለን፤ ገራባ። ከበርጫ በኋላ የሚጣለው ለምለም የጫት ቅጠል ክምሩን ቶሎ ያሞቀዋል። እንጨት እንጨቱን ለዩት። ጫት ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት ስለሚረጭ በገራባ የተሠራውን ብስባሽ ለአበባና ለዛፍ እንጂ ለሰላጣ አታድርጉት። የቡና አተላም ይገባል፣ ሲኒ የሚያጥቡትን ልጆች ለብቻ እንዲያጠራቅሙት ንገሯቸው።

እርጥበቱን በእጃችሁ ነው የምትለኩት። ከመሃል አንድ እፍኝ አንሥታችሁ ጨምቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፤ ስትለቁት ከተበተነ ደርቋል። ሙቀቱን ለማወቅ ደግሞ ረዘም ያለ ብረት ክምሩ ልብ ውስጥ ሰክታችሁ ትንሽ አቆዩት። ስታወጡት ለእጅ የሚፋጅ ከሆነ ሥራው ይዟል። በደንብ የያዘ ክምር መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፣ በዚያ ሙቀት አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ስጡት። እርጥብ ሆኖ ከቀዘቀዘ ፍግ ጨምሩ። ከሸተተ ደረቅ ቅጠል ይፈልጋል። በየሳምንቱ ገልብጡት። ይህን ካደረጋችሁ በእኛ ሙቀት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚልና ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ነገር ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ዋጋ አልጠቅስም፣ በየወሩ ይለዋወጣል።

የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ለቤት ቆሻሻ ሁነኛ ናቸው፤ ክፍያቸውን አታጓትቱባቸው። የጓሮ ቅጠል ግን ጋሪያቸውን በአንዴ ስለሚሞላው ለብቻ መነጋገር ይሻላል። ለእነሱ ስጡ የምለው ብስባሽ ውስጥ የማይገባውን ነው፦ እሾሃሙን ቡገንቪሊያና በሽታ የያዘውን ቅጠል። የድሬዳዋ ዛፍ ረጃጅም ፍሬ ግን እንጨት ነው፤ አድርቃችሁ ለማገዶ አድርጉት።

በግል የሚሠሩ ባለ ጋሪዎች ይረክሳሉ፣ በጠራችኋቸው ሰዓትም ይመጣሉ። ግን የት እንደሚደፉት ሳትጠይቁ አታስጭኑ። ከሰፈራችን በብር የወጣ ቅጠል ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተዘርግፎ አይተናል፤ በጣም ነው ያናደደን። ደቻቱ በጋውን ሙሉ ደረቅ ስለሆነ ሰው እንደ ባዶ ቦታ ያየዋል። በ1998 በሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያን ጎርፍ ቅጠል አላመጣውም። ቱቦና ቦይ የሚደፍነው ግን እንዲህ እየተባለ የሚደፋው ነገር ነው። የት እንደሚጥል በግልጽ ለማይነግራችሁ ሰው ቅጠላችሁን አትስጡ።

የቀን ሠራተኛ ስትይዙ በቀን ሳይሆን በሥራው ተዋዋሉ። «ይህን ጠርገህ፣ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አስገብተህ፣ ውሃ አርከፍክፈህ» ተብሎ ይነገር። ቋሚ አትክልተኛ ያላችሁ ደግሞ ቅጠል መጣል ሥራው እንዳልሆነ አስረዱት። ብዙዎቹ ባዶ መሬት የንጽሕና ምልክት ስለሚመስላቸው የለበሰውን ሁሉ ጠርገው ያወጡታል።

ከሁሉም በላይ ክፈሉበት የምለው አሸንዳ ማስጠረግ ነው። እዚህ ላይ እጄን አልሰስትም። አሸንዳ ውስጥ የተከማቸ ቅጠል ውሃ ይይዛል፣ የተያዘ ውሃ ትንኝ ያፈላል። በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 ቺኩንጉንያ በከተማችን ስንቱን ቤት እንዳስተኛ እናስታውሳለን። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን የምትነድፈው ትንኝ በርሜል፣ ጎማና እንዲህ ያለ የተዘጋ አሸንዳ ውስጥ ነው የምትፈለፈለው። በ2014 የወባ ወረርሽኝ ሲነሣም አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለዋ፣ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ የወባ ትንኝ እጇ እንዳለበት ተረጋግጧል። በሙቀት ከእንቁላል እስከ ትንኝ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ በልግ ሳይጠና አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ በሰኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ይጠረግ።

የምትይዙት ሰው የራሱ መሰላል ያለው፣ ረዳት ይዞ የሚመጣ ይሁን። ቆርቆሮው ላይ ሲወጣ ሚስማር በተመታበት መስመር ላይ የሚረግጥ ከሆነ ሥራውን ያውቃል። መሃሉን የሚረግጥ ከሆነ ቶሎ አስወርዱት፤ ለቆርቆሮውም ለእሱም ያሰጋል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ከአሸንዳው ጫፍ ይፍሰስና መውረጃው ሥር ቆማችሁ እዩ። በአንዴ ከወረደ ጨርሷል። የሚንጠባጠብ ከሆነ ክርኑ ላይ ቅጠል ቀርቷል።

ማቃጠልን የሚመርጡ ጎረቤቶቼን ደግሞ በፍቅር እለምናለሁ። ከሰዓት የሚነሣው ነፋስ ጭሱን አስም ያለበት ሰው መኝታ ቤት ያስገባዋል፤ እሳቱም ደረቅ አጥር አጠገብ ነው። ይቅርብን።

ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ልጨርስ።

«ጉዝጓዝ ምስጥ አይጠራም?» ደረቅ ቅጠል ሊጠራ ይችላል፤ ድሬ ምስጥ አለ። ከቤቱ ግድግዳ፣ ከበር መቃንና ከእንጨት አጥር ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት። እርጥብ ሆኖ በከፊል የበሰበሰውን ከታች፣ ደረቁን ከላይ ስስ አድርጉት።

«ጊንጥና እባብስ?» ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቆየ ክምርን በባዶ እጅና በነጠላ ጫማ አትንኩ። መጀመሪያ በሬኩ ገለጥ አድርጉት፣ ወፍራም ጓንት ልበሱ፣ ልጆችን አርቁ። በየሳምንቱ የሚገለበጥ ክምር ተረብሾ ስለሚሰነብት መደበቂያ ለመሆን አይመችም።

«ሐረር ነኝ፣ በትል የሚሠራውን ልሞክር?» እናንተስ ሞክሩ። ሐረር 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሯ ለትሉ ይመቻል። ለዚህ ሥራ የሚውለው ቀይ ትል ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይወዳል፤ ከ30 በላይ ሲሆን ይጎዳል። ድሬ ላይ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ የሆነ ጥላ ከሌላችሁ ብራችሁን ትል ላይ አታውጡ።

«ለፍየል ቢሰጥስ?» የቁርቁራ ቅጠል ከሆነ ፍየል እያየ አያልፈውም። ጠዋት ሳይረገጥና አቧራ ሳይጠጣ ሰብስባችሁ ለፍየል አርቢ ስጡ። ሂሳብ አትቀበሉ፤ በምትኩ ፍግ ያምጣላችሁ።