ክርክር፦ ስድስት ጊዜ የተመረጠን ሸሪፍ ማን ይጠይቀዋል?

አወያይ፦
ቅዳሜ ቡና ላይ ተነስቶ ሳይቋጭ የቀረ ክርክር ነው፣ ወደዚህ አመጣሁት። ጆ አርፓዮን የማታውቁት ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ ከጣሊያን ስደተኞች ተወለደ። እናቱ እሱን ስትወልድ ነው የሞተችው። ወታደር ሆነ፣ ዲሲ ፖሊስ ሆነ፣ ከዚያ የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤት ገብቶ ቱርክም ሜክሲኮም ሠራ፣ በ1982 አሪዞና ላይ ጡረታ ወጣ። አበቃለት ሲባል በ1992፣ በ60 ዓመቱ፣ የማሪኮፓ ካውንቲ ሸሪፍ ሆኖ ተመረጠ። ማሪኮፓ ማለት ፊኒክስ ያለችበት ነው፣ ዛሬ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርበታል። ስድስት ጊዜ ተመርጦ 24 ዓመት ወንበሩ ላይ ቆየ። በ2016 ተሸነፈ። ጁላይ 2017 የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሆን ብሎ ጥሷል ተብሎ ጥፋተኛ ሆነ፣ ወር ሳይሞላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምሕረት አደረጉለት።

ጥያቄው፦ ሸሪፍን ሕዝብ መምረጡ ጥሩ ነው ወይ? ነው ካላችሁስ የዘመን ገደብ አያስፈልገውም? ስድብ የለም። ፖለቲካችሁን ውጭ ተዉት አልልም፣ አትተዉትምና።

ሞገደኛው፦
እኔ ልጀምር። ሰውዬው ምኑንም ደብቆ አልሠራም። እስረኛ ድንኳን ውስጥ አስቀመጠ፣ ሮዝ የውስጥ ሱሪ አለበሰ፣ በሰንሰለት አያይዞ መንገድ ዳር ሥራ አሠራ፣ ሲጋራ ከለከለ፣ ቡና ከለከለ (በቡናው እንኳ እኔም አልስማማም)። ይሄን ሁሉ ካሜራ ጠርቶ እያሳየ ነው ያደረገው። ሕዝቡም አይቶ በየአራት ዓመቱ መልሶ መረጠው። 1996፣ 2000፣ 2004፣ 2008፣ 2012። ሳይወዱት ነው እንዳትሉኝ። እናንተ ካልወደዳችሁት ድምፃችሁን ስጡ፣ ካልበቃችሁ ደግሞ ቁጭ በሉ። ዴሞክራሲ ሲባል ሌላ ትርጉም አለው እንዴ?

ከቦሌ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሸሪፍ የፖሊስ አዛዥ አይደለም እንዴ? ፖሊስ ደግሞ እንዴት ነው በምርጫ የሚገባው? እኛ ጋ ሰው የሚያውቀው ባርኔጣውን ብቻ ነው።

ጠበቃ ነኝ ባይ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ እዚህ ስንት ዓመት የኖሩትም አያውቁትም። ፊኒክስ ከተማ የራሷ ፖሊስ አላት፣ አዛዡ ተሿሚ ነው። ሸሪፍ ግን የካውንቲው ነው። የካውንቲውን እስር ቤት ይይዛል፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያደርሳል፣ የራሱ ፖሊስ የሌለውን አካባቢ ይጠብቃል። ከ3 ሺህ በላይ ሸሪፎች አሉ፣ በ46 ክፍለ ግዛቶች በምርጫ ነው የሚገቡት። ሮድ አይላንድና ሃዋይ ይሾማሉ፣ አላስካና ከነቲከት ጭራሽ የካውንቲ ሸሪፍ የላቸውም።

የእኛን ምስለኔ አስብ፣ ግን ከላይ ሆኖ የሚሽረው የሌለ ምስለኔ። አሪዞና ውስጥ አገረ ገዢው ደውሎ «ከነገ ጀምሮ እንዳትገባ» ሊለው አይችልም። መራጩ ካልጣለው በቀር የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። ከአርፓዮ ጋር የተያዘውም እዚያ ነው።

የበረሃው ሰው፦
እኔ ፊኒክስ ከ2004 ጀምሮ ነው ያለሁት፣ ኤርፖርት እየሠራሁ ሰውዬውን በየቀኑ በቴሌቪዥን ሳየው ኖሬያለሁ። ሞገደኛው ስለ ድንኳን እንደ ቀልድ ያወራል። ጁላይ ላይ እዚህ ጥላ ሥር 43 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው፣ መኪናህን በባዶ እጅ ብትከፍት መዳፍህ ይላጣል። አሁን ከኮሪያ ጦርነት የተረፈ የወታደር ድንኳን ውስጥ ግባና ከምሳ በኋላ ተኛ። በ1993 የተከፈተው ያ ነው። ምግቡ በቀን ሁለቴ፣ እሱም በጣም ርካሹ። የፖሊስ ውሾቹ ቀለብ ከእስረኛው ቀለብ ይበልጣል እያለ ይኩራራ ነበር እኮ። ያውም ሰዎቹ ገና ያልተፈረደባቸው!

ጠበቃ ነኝ ባይ፦
ወንድሜ በአንተ ወገን ነኝ፣ ግን እዚህ ጋ ላርምህ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት በአብዛኛው የተፈረደባቸው ናቸው። ጠጥቶ የነዳ፣ ከአንድ ዓመት በታች የተቀጣ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው። ያልተፈረደባቸው፣ ማለትም የቀጠሮ እስረኞች፣ በሌሎቹ የካውንቲው እስር ቤቶች ነው የነበሩት። በ2008 የፌዴራል ዳኛ የእነሱ አያያዝ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል፣ ሕክምናውንም ምግቡንም ጠቅሶ። ሮዝ ሱሪው የጋዜጣ ወሬ ሆኖ ሁሉም ሲስቅ ዋናው ጉዳይ ከጀርባው ተሸፈነ። ጎበዝ ነበር በዚህ።

ሞገደኛው፦
እሺ፣ ድንኳኑን በ2017 የዘጋው ፖል ፔንዞን፣ ያሸነፈው ዴሞክራት፣ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? እስረኞቹ ራሳቸው ከእስር ቤቱ ድንኳኑን ይመርጡታል ነው ያለው። ገሃነም ነበር ካላችሁኝ ይሄን አስረዱኝ።

የበረሃው ሰው፦
አዎ ብሏል። ግን ለምን እንዳለ ጨርሰህ ንገራቸው። ድንኳኑ ማንንም አያስፈራም፣ ወንጀልም አያስቀርም፣ ስለዚህ ይዘጋ ለማለት ነው የተናገረው። በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይቀንሳልም ብሏል። የሚገርመው ደግሞ አርፓዮ ራሱ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲን አስጠንቶ ነበር። በ1998 የወጣው ውጤት ጠንካራ አያያዙ ተመልሶ ወንጀል የሚሠራውን ቁጥር አልቀየረም ይላል። ታዲያ 20 ዓመት የተሠራው ለምንድን ነው? ለካሜራ!

የአሌክሳንድሪያዋ፦
እኔ ላፍርና ልናገር። ዜግነት ካገኘሁ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሸሪፍ መርጫለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰውየው ማን እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቱ ታች ላይ ነው ያለው፣ እዚያ ስደርስ ልጄ አለቀሰ፣ አንዱን አጠቆርኩና ወጣሁ። እና ሞገደኛው «ሕዝቡ አውቆ መረጠው» ሲል እኔ የማስበው ራሴን ነው። አውቆ የመረጠው ስንቱ ነው?

ሞገደኛው፦
እህቴ በአንቺ ከተማ ይሆናል። አርፓዮን ግን የማያውቀው አልነበረም፣ ከአገሪቱ ሸሪፎች ሁሉ የታወቀው እሱ ነው። እንዲያውም ስሙን አውቆ የተመረጠ ሸሪፍ ካለ እሱ ነው።

አንጋፋው፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የማይታወቀው ሸሪፍ ስለማይታወቅ ይቀመጣል፣ የታወቀው ደግሞ ስለታወቀ ይቀመጣል። ሁለቱም አይነሱም። እኔ ኢንዲያና 30 ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ሸሪፍ ከ12 ዓመት ውስጥ ከ8 በላይ መቀመጥ አይችልም፣ ሕግ ነው። ኒው ሜክሲኮም በተከታታይ ሁለት ዘመን ብቻ ነው። የአሪዞና ጎረቤት ናት እኮ ኒው ሜክሲኮ! አርፓዮ ከድንበሩ ማዶ ቢሆን በ2000 ቤቱ ይገባ ነበር። ያ ሁሉ መዘዝ የመጣው ከዚያ በኋላ አይደለም እንዴ?

ጠበቃ ነኝ ባይ፦
ጋሼ፣ ይሄን ነው ስፈልግ የነበረው። ዘመኑን ለሁለት ክፈሉት። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ንጹሕ አልነበረም፣ በ1996 እስር ቤት ውስጥ ከጠባቂዎች ጋር ግብግብ ላይ ለሞተ ሰው ቤተሰብ 8.25 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ግን ትልቁ ነገር የሚጀምረው በ2007 ነው፣ የፌዴራል መንግሥት የኢሚግሬሽን ሥራ እንዲሠሩ ለመኮንኖቹ ውክልና ሲሰጥ። በዚያው ዓመት ሕጋዊ ቪዛ ያለው ሜክሲኳዊ ጎብኚ ኬቭ ክሪክ ላይ ከተሳፈረበት መኪና ተወርዶ ለሰዓታት ተያዘ። ክሱ በእሱ ስም ሜሌንድሬስ ይባላል። በ2011 መጨረሻ ዳኛ ስኖው «በኢሚግሬሽን ጥርጣሬ ብቻ ሰው አትያዙ» ብለው አዘዙ። በ2013 ደግሞ ላቲኖዎች በመልካቸው እየተለዩ ይቆማሉ ብለው ፈረዱ። ትእዛዙ ወጥቶም መኮንኖቹ ዓመት ከመንፈቅ ያህል እንደቀድሞው ቀጠሉ። ችሎት መድፈር የተባለው ይሄ ነው።

ሞገደኛው፦
የ2017ቱን ጥፋተኝነት የፈረደችው ሌላ ዳኛ ናት፣ ያውም ብቻዋን፣ ከሕዝብ የተውጣጡ ዳኞች (ጁሪ) አልተቀመጡም። 6 ጊዜ ሕዝብ የመረጠውን ማንም ያልመረጣት አንዲት ሴት ጥፋተኛ አለችው። ምሕረቱም ልክ ነበር።

ጠበቃ ነኝ ባይ፦
ቅጣቱ ቢበዛ ስድስት ወር ስለሆነ ነው ያለ ሕዝብ ዳኞች የታየው፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ዳኛ ያልተመረጠበት ምክንያት ደግሞ ይሄው ነው። ብዙኃኑ የወደደው ሰው ጥቂቶቹን ሲረግጥ ብዙኃኑን ሳይፈራ «ተው» የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ሰውዬው የመረጡትን አላቆመም እኮ፣ ያቆመው ያልመረጡትን ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ መምረጥ የማይችሉ ናቸው።

የበረሃው ሰው፦
እኔን ያቃጠለኝ ኢሚግሬሽኑ ብቻ አይደለም፣ ያልተሠራው ሥራ ነው። ኤል ሚራጅ የምትባል ትንሽ ከተማ የፖሊስ ሥራዋን ለሸሪፉ በኮንትራት ሰጥታ ነበር። በኋላ ሲታይ በእሷና በሌሎች ቦታዎች ከ400 በላይ የወሲብ ጥቃት አቤቱታዎች በወጉ ሳይመረመሩ ቀርተዋል። ተጠቂዎቹ ውስጥ የስደተኛ ልጆች አሉ። በ2011 መጨረሻ ይቅርታ ጠየቀ። ኢስት ቫሊ ትሪቢዩን የሚባል ትንሽ የሰፈር ጋዜጣ በ2008 ሸሪፉ ኢሚግሬሽን ላይ ሲሯሯጥ የድረሱልኝ ጥሪ እንደሚዘገይ፣ ምርመራም እንደሚጓተት አውጥቶ ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የጋዜጠኝነት ሽልማት አሸንፏል። ጎልድዋተር ኢንስቲትዩት፣ ያውም ቀኞቹ፣ በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር ጻፉ። «ሕግና ሥርዓት» የምትለው ይሄ ነው ሞገደኛው? ሴት ልጅ አለችህ አይደል።

ሞገደኛው፦
አለችኝ። የኤል ሚራጁን አልከላከልም። እዚያ ላይ አጥፍቷል።

(ሌላው ላይ ግን አለሁ።)

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ስንት ክርክር አይቻለሁ፣ ሞገደኛው «አጥፍቷል» ሲል ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ይመዝገብልኝ።

ከቦሌ፦
እና ካሣውን ማን ከፈለ? ከኪሱ ነው?

የበረሃው ሰው፦
የት ያለ! እኔ ነኝ የምከፍለው። የቤት ግብር የምንከፍል ሁሉ። በ2007 ማታ ማታ መኮንን ልኮ ሁለት የጋዜጣ ባለቤቶችን አሳሰረ፣ በኋላ 3.75 ሚሊዮን ተከፈላቸው፣ ከእኛ። የሜሌንድሬስ ውሳኔን ለመፈጸም ካውንቲው ያወጣሁት የሚለው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ አሁንም አላለቀም። በመንገድ ላይ ያቆሙት ላቲኖ ቤት ካለው እሱም ይከፍላል። በግፍ ተይዘህ፣ የግፉን ሒሳብ ራስህ ትከፍላለህ ማለት ነው።

ሞገደኛው፦
እዚህ ላይ ግን ቆይ። ያ ገንዘብ በሙሉ የአርፓዮ ነው? እሱ ከወጣ በኋላ ነው አብዛኛው የወጣው። ፍርድ ቤቱ የሾመው ተቆጣጣሪ በሰዓት እያስከፈለ ዓመታት ተቀምጧል። ካውንቲው ራሱ ሌላ ሌላ ወጪ እያከለ በዚያ ስም ይመዘግባል የሚል ኦዲትም ወጥቷል። ሁሉን በሽማግሌው ላይ መጫን ቀላል ነው።

ጠበቃ ነኝ ባይ፦
ይሄ ነጥብ ነው፣ አልክድህም። ቁጥሩ ራሱ ጠብ ሆኗል። ግን ከዋናው ጥያቄ አያወጣንም። ከወጣ ከዓመታት በኋላም ሒሳቡ የሚቆጥር ሰው ነው፣ እና ሲመረጥ ስለዚህ ሒሳብ ማንም ለመራጩ አልነገረውም።

አንጋፋው፦
ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል የእኛ ሰው። እሱ ገንዘብ በላ አላልኩም፣ ዝናውን ነው የበላው። በ2011 የኦባማ የልደት ወረቀት ሐሰት ነው ብሎ ፈቃደኛ ሰዎች አሰባስቦ እስከ 2016 ሲመረምር ነበር እኮ! የካውንቲ ሸሪፍ ምን አገባው? እኔ የዘመን ገደብ የምለው ለዚህ ነው። ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሥራው አልቆበት ሌላ ነገር መፈለግ ስለጀመረ።

ሞገደኛው፦
ጋሼ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ገደቡ አላስፈለገም። በ2016 መራጩ ራሱ አወረደው። ያውም ትራምፕ ማሪኮፓን ባሸነፈበት ቀን። ማለት ትራምፕን የመረጠ ሰው ወረቀቱ ታች ወርዶ አርፓዮን «በቃህ» ብሎታል። ከዚህ የበለጠ አስተዋይ መራጭ ከየት ይመጣል? ከዚያ በ2018 ለሴኔት ሞከረ፣ በፓርቲው (በሪፐብሊካኑ) የውስጥ ምርጫ ሦስተኛ ወጣ። በ2020 ወደ ሸሪፍነት ልመለስ አለ፣ በፓርቲው ምርጫ ተሸነፈ። በ2022 በ90 ዓመቱ የሚኖርባት ፋውንቴን ሂልስ ከንቲባ ልሁን አለ፣ ተሸነፈ። ሕዝብ ማውረድ ያውቅበታል።

የበረሃው ሰው፦
ያውቅበታል፣ በ24 ዓመቱ። በ2012 ያለፈው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፣ የቅስቀሳ ገንዘቡ ደግሞ አብዛኛው ከአሪዞና ውጭ የመጣ ነው። ፔንዞን ያኔም ተወዳድሮ ተሸንፏል። ያቺ አራት ዓመት ለአንተ አጭር ናት፣ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ ለሚያቆሙት ሰው ግን ረጅም ናት።

ከቦሌ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። አሁን ሸሪፉ ማነው?

የበረሃው ሰው፦
ጄሪ ሸሪዳን። በ2020 አርፓዮን በፓርቲው ምርጫ ያሸነፈው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የአርፓዮ ዋና ምክትል ነበር። በ2016 ዳኛ ስኖው ትእዛዝ ጥሰዋል ካሏቸው ሰዎች ውስጥ አርፓዮም እሱም አሉ። በ2024 ተመረጠ።

ሞገደኛው፦
ተመረጠ! አየህ?

የበረሃው ሰው፦
አየሁ እንጂ። ተሰልፌ ነበር።