ክረምት ውሃ ለሚይዝ ጓሮ ምን ሐረግ ይሻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ጎበዞች። አዲስ አበባ ነኝ። ከቤቱ ጀርባ ያለችው ጠባብ ቦታ ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ናት፣ ፀሐይም የሚያገኛት ከሰዓት በኋላ ለትንሽ ነው። የብሎኬት አጥሩን ይሸፍንልኛል ብዬ አምና ቡገንቪሊያ ተከልኩ፤ ቅጠል ብቻ አወጣና ነሐሴ ላይ ሥሩ በሰበሰ። ምን ልትከል?

መልስ 1፦
ቡገንቪሊያ እኮ የሚወደው ፀሐይና ደረቅ አፈር ነው፣ እዛ አበባ አትጠብቅ። ፓሽን ፍሩት የሚሉህም ይኖራሉ፣ እንዳትሰማቸው፤ ሥሩ የቆመ ውሃ ውስጥ ከዋለ አለቀለት። እኔ ተምበለል ነው የምልህ። የሀገራችን ጃስሚን ነው፣ ደጋ ላይ በጫካ ዳር የሚበቅል፣ ነጭ አበባው ሲሸት ልብ ይሰርቃል። ግን ግድግዳ ላይ በራሱ ስለማይጣበቅ ሽቦ ዘርጋለት።

መልስ 2፦
ጥላውን የሚችለው አይቪ ነው፣ በራሱ ይለጠፋል። ልስኑ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ተወው! የኔን ለማንሳት ስስበው ልስኑም አብሮ ወረደ 😅 ስትቆርጠው ደግሞ ጓንት አድርግ፣ ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል።

መልስ 3፦
የሐረጉ ይቆይና ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ቦይ ሳትቀድለት ምንም ብትተክል ያው ነው። ቢያንስ አፈሩን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገህ፣ ብስባሽ ቀላቅለህ ከላይ ትከል።

ጠያቂ፦
አሁን ወጥቼ አየሁት፣ ለካ የጣሪያው አሸንዳ እዛው ላይ ነው የሚያፈሰው 🤦 እሱን ላሠራና ተምበለሉን እሞክራለሁ። ችግኝ ያለው ካለ በውስጥ መስመር!