ከብዙ ፋይል እየቀዳ አንድ ሰነድ ለሚያዘጋጅ ሰው የትኞቹ አቋራጭ ቁልፎች ይጠቅማሉ?

የሪፖርት_ሥራ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ከተለያዩ ፋይሎችና ድረ ገጾች እየቀዳሁ አንድ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። የሚያስቸግሩኝ ሦስት ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን ጽሑፍ ኮፒ ሳደርግ የመጀመሪያው ይጠፋል። ፔስት የማደርገው ሁሉ የራሱን ፎንት፣ ቀለምና መጠን ይዞ ይመጣና ሰነዱን ያዘበራርቀዋል። ኮምፒውተሩ በመሀል ስታክ ሲያደርግ ደግሞ ማብሪያውን ተጭኖ ከማጥፋት ሌላ መላ አላውቅም። ዊንዶውስ 10 ነው፣ ዎርዱ ቆየት ያለ ነው። ረጅም ዝርዝር ሳይሆን ለዚህ ሥራ የሚሆኑትን ብቻ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ኪቦርድ_ብቻ፦
ለመጀመሪያው መፍትሔው የዊንዶውስ ቁልፍ + ቪ ነው። ከ2018 መጨረሻው ማሻሻያ ወዲህ ዊንዶውስ 10 ላይ አለ፤ ግን ካላበሩት አይሠራም። የዊንዶውስ ቁልፉን ይዘው ቪን ሲጫኑ ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ ተርን ኦን የሚለውን አንዴ ይጫኑ። ከዚያ በኋላ ኮፒ ያደረጉት ሁሉ እዚያ ይደረደራል፤ ከዚያ በፊት የቀዱት ግን አይገኝም። እንግዲህ አራት አምስት ቦታ እየዞሩ በኮንትሮል + ሲ ይሰብስቡ፤ ወደ ሰነድዎ ሲመለሱ የዊንዶውስ ቁልፍ + ቪ ብለው በቀስት ይምረጡና ኢንተር ይጫኑ።

የሚይዘው እስከ 25 ነው፤ አዲስ ሲገባ የቆየው ይወጣል። ሪስታርት ሲደረግም ይጸዳል፤ ደጋግመው የሚጠቀሙበትን አንቀጽ ፒን ካደረጉት (እንዳይጠፋ ከሰኩት) ግን ይቆያል። የሚያስቀምጠው ጽሑፍና ምስል ብቻ ስለሆነ ከፎልደር የቀዱትን ፋይል እዚያ አይፈልጉ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኮፒ ያደረጉት የይለፍ ቃልም እዚያው በግልጽ ተጽፎ ይታያል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ከመነሳትዎ በፊት ክሊር ኦልን ይጫኑ። ፒን የተደረገውን ግን ክሊር ኦል አያጠፋውም።

ወደ ሁለተኛው ስንመጣ፣ ክሮም ላይና አዲሶቹ ዎርዶች ላይ ኮንትሮል + ሺፍት + ቪ ጽሑፉን ብቻ፣ ያለ ፎርማት ያስገባል። የቆየ ዎርድ ላይ ይህ አይሠራም። እዚያ እንደተለመደው በኮንትሮል + ቪ ፔስት ያድርጉ፤ ቁልፎቹን ይልቀቁ፤ ኮንትሮልን ብቻውን አንዴ ነካ ያድርጉና ቲን ይጫኑ። ኮንትሮልንና ቲን አንድ ላይ ከያዟቸው ሌላ ትእዛዝ ነው የሚሆነው፤ ከመጀመሪያው መስመር በቀር አንቀጹን ወደ ውስጥ ያስገባብዎታል።

የፊደል_ነገር፦
ፎርማት ስለማራገፍ በተባለው ላይ ጥንቃቄ ልጨምር፤ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ወሳኝ ነው። የሚቀዱት ሰነድ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ባልሆነ አሮጌ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ፣ ፎርማቱን ሲያራግፉ ጽሑፉ የማይነበብ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ይሆናል። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ ግዕዝ አድርጎ የሚስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲነሳ ኮዱ ራቁቱን ይቀራል።

መፈተሻው ቀላል ነው። አንድ መስመር ቀድተው ኖትፓድ ላይ ፔስት ያድርጉ። በአማርኛ ከተነበበ ዩኒኮድ ነውና ያለ ስጋት ያራግፉ። ካልተነበበ ግን ፎርማቱን እንደያዘ ይተዉት፤ ወይም መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩ። ዎርድ ውስጥ ፔስት ካደረጉ በኋላ ከተበላሸብዎት ኮንትሮል + ዜድ ይመልስዎታል።

ጥገና_ክፍል፦
ስለ ስታኩ። ማብሪያውን መጫን የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ የሚጠፋው በዚያ ነው። መጀመሪያ ካፕስ ሎክን ነካ ነካ ያድርጉ። መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ የተያዘው አንድ ፕሮግራም ወይም ስክሪኑ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ በሙሉ አይደለም።

ከዚያ ኮንትሮል + ሺፍት + ኢስኬፕ፤ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው ታስክ ማናጀር በቀጥታ ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከተከፈተ ሞር ዲቴይልስን ይጫኑ። የዲስክ ዓምዱ 100 በመቶ ላይ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይለቃል። ኖት ሪስፖንዲንግ የተባለው ፕሮግራም አልነቃ ካለ ብቻ እሱን መርጠው ኤንድ ታስክ ይበሉ። የታችኛው ታስክባር ብቻ ከሆነ የደረቀው፣ ከዝርዝሩ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን መርጠው ሪስታርት ያድርጉት፤ የከፈቷቸው ሰነዶች አይነኩም፣ የፎልደር መስኮቶች ግን ሊዘጉ ይችላሉ።

ስክሪኑ ጠቁሮ ከቀረ የዊንዶውስ ቁልፍ + ኮንትሮል + ሺፍት + ቢ የግራፊክስ ድራይቨሩን (የስክሪኑን ምስል የሚያሠራውን ፕሮግራም) እንደገና ያስነሳዋል። ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ቢፕ የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል፣ ሥራዎ ግን እንዳለ ይቆያል። ይህን ቁልፍ ሁሉም ሰው ቢያውቀው እመኛለሁ።

ዎርድ ለመልሶ ማግኛ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነው። በፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ገብተው ወደ 2 ያውርዱት።

ስታኩ ከተደጋገመ ደግሞ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ የሚለው ላይ አፕ ታይምን (ሲስተሙ እንደ አዲስ ከተነሳ የቆየበትን ጊዜ) ይመልከቱ። ማታ ማታ የሚያጠፉት ኮምፒውተር የብዙ ቀን ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ፋስት ስታርታፕ ሲበራ ሸት ዳውን የሲስተሙን ዋና ክፍል በዲስክ ላይ አስቀምጦ ጠዋት ያንኑ ይመልሳል፤ የተከማቸው ችግርም አብሮ ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ የሚያድሰው ሪስታርት ነው።

የሪፖርት_ሥራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ኮንትሮልን ነክቶ ከዚያ ቲን መጫኑ ሠርቶልኛል። አንድ ልጨምር፦ የዘጋሁትን ምንጭ ድረ ገጽ መልሼ የምከፍትበት መንገድ አለ?

ኪቦርድ_ብቻ፦
አለ። ብራውዘሩ ላይ ኮንትሮል + ሺፍት + ቲ የመጨረሻውን የተዘጋ ታብ ይመልሳል፤ ሲደጋግሙት ወደ ኋላ አንድ በአንድ ይቀጥላል። በኢንኮግኒቶ (የጎበኙትን በማይመዘግበው መስኮት) የተከፈተውን ግን አይመልስም። ሰነዱንና ምንጩን ጎን ለጎን ለማየት ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፉን ይዘው የግራ ቀስትን ይጫኑ፤ መስኮቱ ግማሹን ስክሪን ይይዛል፣ ለሌላው ግማሽ የሚሆነውን ከሚመጡት ውስጥ ይምረጡ።